የማእድ ቤታችን ጣሊያንኛ

ሳልሳ፣ ስጎ፣ ፓስታ፣ ፉርኖ፣ ቦምቦሊኖ ስንል የምንናገረው ጣሊያንኛ መሆኑን ስንቶቻችን እናስተውላለን? ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረችበት ዘመንና ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩት ኢጣሊያውያን አማካይነት እንዲህ ያሉ ብዙ ቃላት ከቋንቋችን ጋር ተዋሕደዋል። ወራሪው ተባርሮ ሄደ፤ ቃላቱ ግን ከድስታችን አጠገብ ቀሩ።

ይሁንና ቃላቱ ቤት ሲለውጡ ትርጉማቸውም አብሮ ተለውጧል። እኛ ፉርኖ የምንለው ዳቦውን ነው፤ በጣሊያንኛ ግን ፎርኖ መጋገሪያው ምድጃ ሲሆን ዳቦው ፓኔ ይባላል። ሳልሳ ለእኛ የታሸገው የቲማቲም ድልህ ነው፤ ለእነርሱ ግን ማናቸውም ማባያ ሳልሳ ነው። ማኪያቶ በአዲስ አበባ ወተቱ በርከት ያለ ነው፤ በሮም ግን ቡናው ላይ ወተት ጠብ ይደረግበታል እንጂ አይሞላም። ላቴ ብላችሁ ብታዙ ደግሞ የሚቀርብላችሁ ቡና የሌለው ወተት ነው።

«ታዲያ ይህን ማወቁ ምን ይጠቅመናል?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ እህቶቻችን ወደ ኢጣሊያ እየሄዱ በሰው ቤት ሠርተው ቤተሰባቸውን ረድተዋል። ዛሬም ልጇን ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትሸኝ እናት አለች። ለዚህች ልጅ አንድ ቃል በትክክል አለመረዳት ከአሠሪዋ ሊያጋጫት፣ እንጀራዋንም ሊያሳጣት ይችላል።

በመሆኑም ከመሄዷ በፊት ቢያንስ የሚከተሉትን ትወቅ። ቁርስ ኮላጽዮኔ፣ ምሳ ፕራንዞ፣ እራት ቼና ነው። አሠሪዋ «ቼና አሌ ኦቶ» ካለቻት እራት በስምንት ሰዓት ይቅረብ ማለቷ ነው። ሰዓቱ ግን በእነርሱ አቆጣጠር ስለሆነ ለእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

የአቀራረቡም ሥርዓት ከእኛ ይለያል። በእኛ ቤት ፓስታ ራሱን የቻለ ምሳ ነው። በእነርሱ ዘንድ ግን ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ሾርባ ፕሪሞ ማለትም የመጀመሪያው ምግብ ነው። ሥጋው ወይም ዓሣው ሴኮንዶ ተብሎ ቀጥሎ ይመጣል፤ አትክልቱ ኮንቶርኖ ሆኖ ያጅበዋል፤ ጣፋጩ ዶልቼ ማእዱን ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሳህን አንድ ላይ ማቅረብ አይገባም።

ለመልካም ምግብ ምኞት «ቡዎን አፔቲቶ»፣ ለምስጋና «ግራጽዬ»፣ ይበቃኛል ለማለት «ባስታ ኮዚ» ይባላል። ከሁሉም በላይ ግን ለልጃችሁ «ኖን ኦ ካፒቶ» የሚለውን አስጠኗት፤ «አልገባኝም» ማለት ነው። በይሉኝታ «ሲ» እያሉ ራስን ከመነቅነቅ አልገባኝም ብሎ ደግሞ መጠየቅ ከብዙ ጣጣ ያድናል።