በፖስታ ስለሚሰጥ ድምፅ የሚናፈሰውን ወሬ በሚመለከት

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ምርጫ በደረሰ ቁጥር የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ወደየቤታችን ይላካል። ወረቀቱ ሳይደርስ ግን ወሬው ቀድሞ ይደርሳል። በቡናውም፣ በለቅሶ ቤቱም፣ በስልኩም «በፖስታ የተላከ ድምፅ ይሰረቃል፤ ማንስ ይቆጥረዋል፤ ሙታን ሳይቀሩ ይመርጣሉ» ሲባል እንሰማለን። ይህን የሰማ ሰው ወረቀቱን ከመብራት ሒሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ምርጫውም በዚያው ያልፋል። ማኅበራችን እገሌን ምረጡ ብሎ አያውቅም፣ ዛሬም አይልም። ወረቀቱ መሳቢያ ሲበላው ግን ዝም ብለን ማየት አልፈለግንም።

ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ ይገባናል። ባደግንበት አገር ፖስታ ማለት ፖስታ ቤት ሄደን ከሣጥን የምናወጣው ነገር ነው እንጂ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ አልነበረም። መምረጥም ማለት ማልዶ መሰለፍ፣ ጣትን ቀለም መነከር፣ ወረቀቱን በገዛ እጅ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። ይህን የለመደ ሰው ማዕድ ቤት ቁጭ ብለህ ሞልተህ ላከው ሲሉት «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ምርጫ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ሆኖም አሠራሩ ትናንት የመጣ አይደለም። (ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጎረቤታችን ኦሬገን ሕዝቡ ራሱ በ1998 ድምፅ ሰጥቶ ነው ወደዚህ የገባው። የእኛ ኪንግ ካውንቲ በ2009 ተከተለ፤ በ2011 ደግሞ ለመላው የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ወጣለት።

አጭበርባሪ የለም አንልም። በ2018 በሰሜን ካሮላይና ለአንድ የኮንግረስ ተወዳዳሪ ይሠራ የነበረ ሰው ከየቤቱ የሰው ወረቀት ሲያሰበስብ ተገኝቷል። ታዲያ ምን ሆነ? ተደረሰበት፤ ውጤቱ ሳይጸድቅ ቀረና በ2019 ምርጫው እንደገና ተደረገ። በእኛ ግዛት በዚያው በ2018 ከ3.2 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ውስጥ ተገቢ አይደለም ተብሎ የተጠረጠረው 142 ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ የመረጠም፣ በሟች ስም የላከም በዚሁ ውስጥ ተቆጥሮ ማለት ነው። ያኔ የምርጫው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ኪም ዋይማን ሪፐብሊካን ስለነበሩ ለዲሞክራቶቹ ሲሉ ደበቁ የሚባል አይደለም።

ወረቀቱን የሚጠብቀው ፊርማችሁ ነው። በመመለሻው ፖስታ ላይ የፈረማችሁት መዝገብ ላይ ካለው ፊርማችሁ ጋር ይመሳከራል። ከተረጋገጠ በኋላ ወረቀቱ ከፖስታው ይለያል፤ ስለዚህ ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም። አንድ ሰው ሁለት ወረቀት ቢልክ የሚቆጠርለት አንዱ ነው። በጥቅምት 2024 በግዛታችን በቫንኩቨር ከተማ በሚገኝ ሣጥን ላይ እሳት ተለቅቆ በመቶ የሚቆጠር ወረቀት በተጎዳ ጊዜ እንኳ፣ መራጮቹ ምትክ ወረቀት እንዲወስዱ ተደርጓል።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የግዛቱ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት የ2020ውን ምርጫ መርምሮ በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ የጥቁር መራጮች ወረቀት ውድቅ የሆነው ከነጮቹ አራት እጥፍ መሆኑን ገልጿል። ፊርማ መርማሪዎቹ ሆን ብለው አድልተዋል የሚል ማስረጃ አላገኘም፤ ልዩነቱ ግን አለ። እንግዲህ ድምፃችን የሚጠፋው ወሬው በሚለው ሌባ ሳይሆን በዚች ፊርማ ነው። ከመካከላችን መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ፈርሞ፣ ለምርጫው በአማርኛ የሚፈርም ስንቱ ነው! በዚያች ትንሽ ስክሪን ላይ የሚፈረመው ደግሞ የማንንም ፊርማ አይመስልም። ስለዚህ መንጃ ፈቃዳችሁን አውጡና እያያችሁ ፈርሙ። ፊርማው አልመሳሰል ካለ ካውንቲው ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው የክስ ወረቀት አይደለም፤ ፈርማችሁ በጊዜው ከመለሳችሁት ድምፃችሁ ይቆጠራል። አንዳንዱ ሰው ግን ፈርቶ ይቀደዋል፤ ድምፁም የሚጠፋው ያኔ ነው።

አንድ ድምፅ ምን ይፈይዳል ለሚሉም፣ በ2004 የዚህ ግዛት አገረ ገዥ የተመረጡት ከ2.8 ሚሊዮን ድምፅ ውስጥ በ129 ብልጫ ነው። ሦስት ጊዜ ተቆጥሮ! የመጨረሻው ቆጠራ ላይ፣ ፊርማቸው ኮምፒዩተር ውስጥ አልተገኘም ተብሎ ያለ አግባብ የተጣሉ ከ500 በላይ ወረቀቶች በዚሁ በካውንቲያችን ተገኝተው ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

በየቤቱ ስለሚደረገው አንድ ነገርም እንናገር። ልጅ ለእናቱ፣ ባል ለሚስቱ ሞልቶ የሚፈርም አለ። ለማገዝ ብሎ ይሆናል፤ ግን በሰው ስም መፈረም ወንጀል ነው። ማንበብ መርዳት ይቻላል፤ ምርጫው የእርሳቸው፣ ፊርማውም የእርሳቸው ይሁን። መፈረም የማይችሉ እናቶችና አባቶች ምልክት አድርገው ሁለት ምስክር ሊፈርምላቸው ሕጉ ይፈቅዳል። ወረቀታችሁን ለማታውቁት ሰው አትስጡ፤ ሰሜን ካሮላይና የሆነው በዚህ ነው። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ማንም ይምጣና ይጎትጉተው፣ ዜግነት ሳይወስድ እንዳይመዘገብ፤ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል።

ወረቀቱ የሚላከው ቢያንስ ምርጫው 18 ቀን ሲቀረው ነው። ቴምብር አያስፈልገውም። በፖስታ የምትልኩ እስከ መጨረሻው ቀን አትጠብቁ፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም በማግስቱ ሊመታ ይችላል፣ ያኔ አይቆጠርም። የዘገየ ሰው ወደ ድምፅ መቀበያ ሣጥኑ ይውሰደው፤ ሣጥኑ የሚዘጋው በምርጫው ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በፈረንጁ 8 ሰዓት ላይ ነው።

የፊርማ ደብዳቤ የደረሰው ወይም ምስክር የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ (በፈረንጁ 2 ሰዓት) በማኅበሩ ክፍል ያገኘናል። ደብዳቤውን ይዛችሁ ኑ፤ መነጽርም አትርሱ።

የማኅበሩ ጸሐፊ