የሚመርጥ ልጅ ሁሉ ሞልቃቃ አይደለም

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ይዘው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ የሚመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ንግግር ነው። የምግቡን ነገር የሚያነሱት ሊሄዱ ሲሉ ነው፤ ያውም በሀፍረት። «ከደረቅ ዳቦና ከሩዝ በቀር አይቀምስም፤ ሰው ሁሉ አሞላቃችሁት ይለናል» ይላሉ።

ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ሁኔታ እንጂ የአስተዳደግ ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ሟቿ ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ሁኔታ በአደባባይ ሲናገሩ የታገሉት ቤተሰብን አንገት የሚያስደፋውን እንዲህ ያለውን ሐሜት ነበር።

ለብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ችግሩ ያለው በስሜት ሕዋሳት ላይ ነው። ለእኛ የሚጣፍጠን እንጀራ እርጥበቱና ኮምጣጣነቱ ለአንዱ የማይቻል ይሆንበታል። ሌላው ወጥ ከእንጀራ ጋር ተነካክቶ ሲያይ ያቅለሸልሸዋል። ጉርሻ ፍቅር መሆኑ አይካድም፤ አፍ ይዞ ማጉረስ ግን ልጁ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ማዕዱንም እንዲፈራ ያደርገዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ሐኪም ጥርሱን፣ ሆዱን (ድርቀት በብዛት ይታያል) እና የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት የበላውን ሁሉ ጻፉ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስቱ ዝርዝሩን ሲያይ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይገለጥለታል፤ ሁሉም ደረቅ ነው ወይም ሁሉም ነጭ ነው። አዲሱ ምግብ የሚመረጠው ከዚያ ተነስቶ ነው። ዳቦ የሚወድ ልጅ ወደ ቂጣ ይሻገራል እንጂ ወደ ሽሮ አይዘልም። ለብቻው በራሱ ሳህን፣ ከለመደው ምግብ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጥፍር የምታክል ቁራሽ አስቀምጡለት። «ብላ» አትበሉት። ቢነካው፣ ቢያሸተው ለዚያ ቀን ይበቃል። ከመቅመሱ በፊት አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚቆርጠው በሦስተኛው ላይ ነው።

ረመዳን ሲገባ ደግሞ የቤቱ ሰዓት ይለወጣል፣ እንግዳ ይበዛል፣ የሳምቡሳው ሽታ ቤቱን ይሞላል። ለውጥ ለሚከብደው ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። ሳምንት ሲቀረው የሚለወጠውን በሥዕል አሳዩት፤ ምሳውን በለመደው ሰዓት ስጡት። በኢፍጣር ሰዓት ለብቻው ጥግ ቢቀመጥ «ነውር ነው» እንዳይሉት ለእንግዶቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ስንዴና ወተት ሲቀሩ ኦቲዝም ይለቃል የሚለውን ወሬ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። እስካሁን የተደረጉት ጥናቶች ይህን አላረጋገጡም። በሐኪም የተረጋገጠ አለርጂ ወይም ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። አለዚያ አምስት ምግብ ብቻ ከሚበላ ልጅ ላይ ሁለቱን መንጠቅ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? በውድ ስለሚሸጡት ዱቄቶችና እንክብሎችም የምለው ያው ነው።

ልጁ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ውኃ ጭምር እምቢ ካለ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።