የወንጀል መዝገብ ዲጂታል ይሁን ስንል፦ ሒሳቡን ማን ነው የሚከፍለው?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ላይክ የሚሰበስብ አይደለም። ስለ ፍርድ ቤት መዝገብ ነው። ግን ሳትዘል አንብበው፣ አንቺም አንብቢው። ነገ በአንድ ጠብ፣ በአንድ ጥቆማ ወይም በስም መመሳሰል ብቻ ጣቢያ የሚገባው የእኛው እኩያ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ የክልላችን ፍርድ ቤቶች የወንጀል መዝገባቸውን በአንድ የመረጃ ሥርዓት ቢያገናኙ ምን ያህል ያስወጣል? ከጉኑኖ ጀምሮ ሶዶ ካለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም እስከ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማለት ነው።

«ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ጥያቄውን ሳንጨርስ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. መምህራን ደመወዝ ሳያገኙ ወራት በቆዩበት ዞን መልሱ ውሸት ነው አንልም። ግን ግማሽ መልስ ነው። ሥርዓቱ ስለሌለም እኮ እየከፈልን ነው! ልዩነቱ ያኛው ወጪ ደረሰኝ የለውም።

እስቲ እናስላው። «መዝገቡ አልቀረበም» ተብሎ ቀጠሮ ሲለወጥ ማን ይከፍላል? ከጉኑኖ ሶዶ የሚመላለሰው ቤተሰብ ነው። ትራንስፖርት አለ፣ ለታሳሪው የሚቋጠር ስንቅ አለ፣ ከእርሻና ከገበያ የቀረ ቀን አለ። ይህ በማንም በጀት ውስጥ አይገባም፤ ከእናቶቻችን መቀነት ግን ይወጣል።

ሕጉማ ቀን ይቆጥራል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ ጉዳዩ የመሰማት መብት ይሰጠዋል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንድ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም ይላል። ጥሩ! ግን መደርደሪያ ላይ የተኛ የወረቀት መዝገብ 15ኛው ቀን ሲደርስ አይጮህም። ኮምፒውተር ግን ማስጮህ ይቻላል።

ለሥራ ፈላጊውም ጉዳዩ የራሱ ነው። እንደ እኔ ዲግሪ ይዘህ ማስታወቂያ የምታሳድድ ከሆነ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ልትጠየቅ ትችላለህ። በነፃ የተሰናበተ ሰው ውሳኔው ፖሊስ ጋ ካልደረሰ ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀራል። ፍርዱ በሕግ የተሰረዘለት ሰውም ስረዛው ካልተመዘገበ የተሰረዘው ለስሙ ብቻ ነው።

ታዲያ ዛሬውኑ ይገዛ? ቆይ፣ አትቸኩል። ሀብታሞቹም የወደቁበት ጉድጓድ አለ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ 58 አውራጃዎቿን በአንድ የፍርድ ቤት መዝገብ ሥርዓት ለማገናኘት ተነሳች። እ.ኤ.አ. በ2004 የተገመተው ወጪ 260 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2010 ግምቱ 1.9 ቢሊዮን ደረሰ። ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣ በኋላ በመጋቢት 2012 ፕሮጀክቱ ቆመ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ይሄ ነው።

በሌላ በኩል ሀብታም ያልሆነችው ሩዋንዳ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መርማሪውን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ ፍርድ ቤቱንና ማረሚያ ቤቱን በአንድ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እያገናኘች መጥታለች። ስለዚህ ነገሩ የሀብት ብቻ አይደለም፤ ምን እንደምትገዛ የማወቅ ጉዳይም ነው።

ኮምፒውተር መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሪባን ተቆርጦ ፎቶ የሚነሳበት። ከባዱ ከፎቶው በኋላ የሚመጣው ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይተካዋል? የኔትወርኩን ክፍያ በየወሩ ማን ይከፍላል? የቆየውን ወረቀት ማን ያስገባል? ሲበላሽስ ማን ይጠግናል? ፈቃዱ ከውጭ በዶላር ከተገዛ ደግሞ ሐምሌ 2016ን አስታውስ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት 120 ብር አካባቢ ደረሰ። አገልግሎቱ ሳይጨምር ክፍያው በብር እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የእኛው የብቻችን ችግርም አለ፤ ስም። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል። አንድ ሰው ትምህርት ቤት በአንድ ፊደል፣ ፍርድ ቤት በሌላ ይመዘገባል። አማርኛው ራሱ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለው። በስም ብቻ የሚፈልግ ሥርዓት የአንዱን ወንጀል ለሌላው ሊያሸክም ይችላል። ስለዚህ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ፋይዳ ለዚህ ይረዳል። ግን ማን መዝገቡን ከፍቶ እንዳየ የሚመዘግብ ቁልፍም ይኑረው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ወረቀት ላይ እንዳይቀር።

ገንዘቡስ ከየት? የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። ግን አንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 7ን አንብበው፤ የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ጉዳዮችን ደርበው ስለሚያዩ የተወካዮች ምክር ቤት ማካካሻ በጀት ይሰጣል ይላል። ይህ ልመና አይደለም፣ ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ነው። ወኪሎቻችን ስለዚህ ገንዘብ ሲጠይቁ መስማት እንፈልጋለን።

እኛ የምንለው ይህ ነው፦

1. በአንድ ጊዜ ለመላው ክልል አይገዛ። እንደ ጉኑኖ ባለ አንድ ወረዳ ይጀመር፣ አንድ ዓመት ይሞከር፣ ከዚያ ይስፋ።

2. የግዢው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የአምስት ዓመት ወጪው ለሕዝብ ይነገር። ጨረታውም ግልጽ ይሁን።

3. ሶፍትዌሩ አገር ውስጥ ይሠራ፤ ኮዱም የክልሉ ንብረት ይሁን። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ቤታቸው ቁጭ ብለዋል፤ የወረቀት መዝገቡን ማስገባት ለእነሱ ሥራ ነው።

4. በየሦስት ወሩ ስም የሌለበት ቁጥር ይውጣ፦ ስንት ሰው ታሰረ፣ ስንቱ ስንት ቀን ቆየ፣ ስንት ቀጠሮ በመዝገብ ምክንያት ተለወጠ።

አራተኛው ላይ ዓይንህን ጣል። መንግሥት የማይቆጥረውን አንተ ልትሞግተው አትችልም። «ብዙ ወጣት ያለ ፍርድ ታስሯል» ስንል «ማስረጃ አምጡ» እንባላለን። ማስረጃው እነሱ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፣ በአቧራ ተሸፍኖ።

በጀት ሲጸድቅ ከዳር ቆመህ አትይ። የምክር ቤት ወኪልህን ስሙን እወቅ፣ አግኘው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ «በዘንድሮው በጀት ለወንጀል መዝገብ ስንት ብር ተያዘ?» መልሱን ኮሜንት ላይ ጻፍልን። «አላውቅም» ካለህም እሱኑ ጻፈው።