ዶሊን እያደነቁ እንሰትን መናቅ

ስለ ክሎኒንግ ወሬ በተነሣ ቁጥር እኛ ተማሪዎች ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ፈረንጅ በፈጣሪ ሥራ ገባ!» ብሎ ያማትባል። ሌላው «እነሱ በግ ያባዛሉ፤ እኛ ገና በሬ እንነዳለን» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ያሳሳታቸውም አንድ ነገር ነው፤ ክሎኒንግ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ጉድ መስሏቸዋል።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። ክሎን ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ቀንበጥ ማለት ነው። የወንድና የሴት ዘር ሳይዋሐድ ከአንድ ወላጅ የተገኘ፣ በዘር ውርሱም ከወላጁ የማይለይ ሁሉ ክሎን ነው። አገዳ በቁራጭ ሲተከል፣ ድንች ከድንች ሲበቅል ክሎኒንግ ነው።

የሲዳማ፣ የጉራጌ፣ የወላይታ፣ የጌዴኦ ገበሬስ እንሰት የሚያባዛው እንዴት ነው? ዘር በትኖ አይደለም። ተክሉን ይቆርጥና ከመሬት በታች ያለውን አምቾ ያወጣል፤ የመሐሉን ለጋ እምቡጥ ፈልፍሎ ይጥላል፤ ፍግ ጨምሮ ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ ከዚያው ከአንዱ አምቾ በደርዘን የሚቆጠር ችግኝ ያቆጠቁጣል፤ ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ! አናቱ ካልተነሣ ጎኑ እንደማያቆጠቁጥ እኛ «ኤፒካል ዶሚናንስ» ብለን ለፈተና እንሸመድዳለን። እሱ ግን ይሠራበታል።

ይህን ስል የዶሊን ነገር ለማጣጣል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ስኮትላንድ፣ ሮዝሊን ኢንስቲትዩት የተወለደችው ያች በግ ትልቅ ነገር አስተምራለች። ከስድስት ዓመት በግ ጡት የተወሰደ ሕዋስ፣ አስኳሉ በወጣለት እንቁላል ውስጥ ገብቶ እንደገና ሙሉ በግ መሆን ቻለ። ከ277 ሙከራ አንዲት በግ! ለሚያማትበው ወገን ደግሞ እንዲህ እላለሁ፤ ክሎን ያው ፍጡር ተመልሶ መጣ ማለት አይደለም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ክሎን ናቸው፤ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ቴክሳስ ውስጥ በክሎኒንግ የተወለደችው ድመት የፀጉሯ ቀለም እንኳ ከምንጯ ጋር አልገጠመም።

ታዲያ አደጋ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ይህች መጽሔት የምትባዛበትን ስቴንስል አስቡ። ስቴንስሉ ላይ የተገደፈ ፊደል በየቅጂው ሁሉ ይገደፋል። አየርላንድ ውስጥ ድሃው በአብዛኛው ላምፐር በተባለ አንድ የድንች ዓይነት ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1845 በሽታው ሲገባ ሁሉንም አንድ ላይ መታው፤ የገዢዎቹ ጭካኔ ተጨምሮበት አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። ግሮ ሚሼል የተባለውንም የሙዝ ዓይነት አንድ ፈንገስ ከዓለም ገበያ አስወጣው። እሱን የተካው ካቨንዲሽም ክሎን ነውና ዛሬ የዚያው ፈንገስ ዘመድ ያሳድደዋል።

የእንሰት ገበሬ ይህን ታሪክ ሳያነብ መድኃኒቱን ያውቃል። ጓሮው አንድ ዓይነት አይደለም። ለቆጮ የሚሆነው፣ ለቃጫ የሚሆነው፣ አምቾው ተቀቅሎ የሚበላው፣ ለስብራት የሚሰጠው፣ ሁሉም ስም አለው፤ ጎን ለጎን ይቆማል። በአገሪቱ ያለው ዓይነት በመቶዎች ይቆጠራል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 የገለጹት የአጠውልግ በሽታ ዛሬም ጓሮ ያራቁታል። ፈጽሞ የማይደፈር ዓይነት ባይገኝም እንደ ማዚያ ያሉ ሻል ብለው የሚቋቋሙት የተገኙት ከዚሁ ከገበሬው ጓሮ ነው።

እንግዲህ «ምርጥ ነው» ተብሎ አንድ ዓይነት ብቻ በቲሹ ካልቸር በሺህ ይባዛና ለየጓሮው ይታደል የሚል ሰው ሲመጣ እናጨብጭብለት? የለም! ማባዛቱን ይግፋበት፤ ግን ብዙውን ዓይነት ያባዛ። እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ዘር ሳያፈራ ስለሚቆረጥ ከየጓሮው የጠፋ ዓይነት ተመልሶ አይበቅልም። ስቴንስሉ ተቀደደ ማለት ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። የባዮሎጂ ተማሪ ሆይ! የዶሊን የልደት ቀን በቃልህ ታውቃለህ። የአያትህን ጓሮ እንሰት ስንቱን በስሙ ትጠራለህ? በዚህ ክረምት አገርህ ስትገባ ደብተር ይዘህ ግባ። ስማቸውን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቅ፤ ጻፍ።