አሸናፊው አስቀድሞ በተወሰነበት ትግል ዳኛው ማን ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ነፃ ትግል ነው። ይህን ስል ገና ከጅምሩ ግማሾቻችሁ ፈገግ ስትሉ፣ ግማሾቻችሁም ገጹን ለመግለጥ ጣታችሁን ስታነሡ ይታየኛል። እባካችሁ ጥቂት ታገሡኝ። ከመካከላችሁ በልጅነቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተጋፍቶ ነፃ ትግል ያላየ ጥቂት ነው። በማግሥቱም በትምህርት ቤት ግቢ ወይም በመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ያየውን ሲያወጋ፣ አንድ ዐዋቂ ነኝ ባይ ብድግ ብሎ «ይህ ሁሉ እኮ ውሸት ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ ነው» ሲለው ያላፈረ የለም። እኔም አፍሬ ዐውቃለሁ። አሁን ግን ለዚያ ሰው የሚሆን መልስ ያገኘሁ ስለ መሰለኝ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

መልሱን ያገኘሁት «ሮው» ከሚባለው ሳምንታዊ ትርኢት ነው። ሮው ዛሬ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሰኞ ሰኞ ማታ የሚያቀርበው የነፃ ትግል ትርኢት ነው። የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 1993 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ማንሃታን ሴንተር በሚባለው አዳራሽ ነበር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ያን ጊዜ ትርኢቱ የአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ሲታይ ከቆየ በኋላ፣ ጥር 6 ቀን 2025 ኔትፍሊክስ ወደሚባለው የበይነ መረብ አገልግሎት ተዛወረ። ዛሬ የምተቸው የዚያን ምሽት ትርኢት ነው።

ስፍራው በሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ በኢንግልዉድ ከተማ የሚገኘው ኢንቱዊት ዶም የተባለው አዲስ አዳራሽ ነው። ትርኢቱ ሲጀመር በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ቀኑም ማክሰኞ፣ የገና ዕለት ነበር። ይህን የገናን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ሮማን ሬንስ ከገዛ ዘመዱ ከሶሎ ሲኮዋ ጋር ያደረገው ግጥሚያ የቤተ ሰብ ጠብ የሚያሳይ ነውና፣ እንደ ጥሩ ቴአትር ልብ የሚሰቅል ነበር። ሪያ ሪፕሊ ሊቭ ሞርጋንን ረትታ የሴቶችን የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ ስትወስድ የተሰማው ደስታ አዳራሹን አናወጠው። በመጨረሻም ሲኤም ፓንክ ሴት ሮሊንስን አሸነፈ። ሁለቱ ሰዎች የሚጠላሉ መስለው ሲታገሉ፣ አንዱ ሌላውን አንሥቶ በሚጥልበት ጊዜ የባልንጀራውን አንገት እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚይዝ ያስተዋለ ሰው፣ ጥበብ ምን እንደ ሆነ አይቷል።

የሚነቀፈውንም አልሸሽግም። ወሬው በዛ፤ ድርጅቱ ራሱን ማወደሱም ልክ ዐለፈ። እንግዳ እየተባለ የሚወጣው የጥንት ዝነኛ ሁሉ ጊዜ ፈጀ። ደግሞ ሲያዩት የሚያስደነግጥ አንድ ነገር ሆነ። ሀልክ ሆጋን የአገሩን ባንዲራ ይዞ ወደ መድረኩ ወጣ። ይህ ሰው በ1980ዎቹ የነፃ ትግል ሁሉ ንጉሥ የነበረ፣ ሕፃናት ስሙን እየጠሩ የሚያድጉበት ሰው ነው። የመጣውም ድርጅቱን ለማመስገንና ስሙ የተያያዘበትን ቢራ ለማስተዋወቅ ነበር። አፉን ገና ሲከፍት ግን አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። የአድናቆት ጩኸት እንዳይመስላችሁ፤ የተቃውሞ ነው። ሰውየው ንግግሩን እንደ ምንም ጨርሶ ወረደ። ከምክንያቶቹ አንዱ በ2015 በጥቁሮች ላይ የተናገረው የዘረኝነት ንግግር መገለጡ ነበር። ድርጅቱ ያን ጊዜ አሰናብቶት በ2018 ቢመልሰውም፣ ሕዝቡ ግን መዝገቡን አልዘጋም ነበር። ሆጋን ከዚያ ምሽት ከስድስት ወር ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2025 ዐረፈ። ነፍሱን ይማር።

እንግዲህ አስቡት። በዚያ ምሽት ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተወስኗል። ማን ምን እንደሚናገር ታስቧል፤ መብራቱም ሙዚቃውም በደቂቃ ተለክቷል። ያ ጩኸት ግን በማንም ወረቀት ላይ አልተጻፈም። በዚያች ሰዓት በእኛ አገር የገና ዕለት እየነጋ ነበር። በገና ጨዋታ ሎሌው ጌታውን ቢዘልፈው ጌታ እንዳይቆጣ የአባቶቻችን ልማድ ያዝዛል። ሎስ አንጀለሶች ስለ ገና ልማዳችን ምንም ሳያውቁ፣ በገና ሌሊት በጌታቸው ላይ ጮኹ።

እንግዲህ ወደዚያ ዐዋቂ ነኝ ባይ እንመለስ። «ውጤቱ የተወሰነ ነው» ማለቱ እውነት ነው፤ ምሥጢርም አይደለም። በ1989 ድርጅቱ ራሱ በኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ፊት ነፃ ትግል መዝናኛ እንጂ ውድድር አለመሆኑን አሳውቋል። ይህንም ያደረገው ስለ ሐቅ ብሎ ሳይሆን፣ ከስፖርት ባለሥልጣኖች ቁጥጥርና ከቀረጡ ለማምለጥ ነው። ደራስያን ታሪኩን ይጽፋሉ። በመድረኩ ላይ ያለው ዳኛ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ለተፋላሚዎቹ ያደርሳል፤ ተጎድተው እንደ ሆነም በሹክሹክታ ይጠይቃቸዋል።

ይሁን እንጂ «የተወሰነ» እና «ውሸት» አንድ ቃል አይደሉም። መድረኩ የብረት ማገር ነው፤ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ስስ ፍራሽና ሸራ ይነጠፋል። ከዚያ ላይ የሚወድቅ ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ትንፋሹን አስወጥቶ፣ ምቱን በጀርባው ሁሉ ላይ ለማካፈል ይማራል። ተማረ ማለት ግን አያመውም ማለት አይደለም። ይህንም በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ ለብዙ ዓመት ያደርገዋል። ከእናንተ መካከል በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ በየወሩ የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥባችሁ ታጉረመርማላችሁ። ያ ደብልዩ ደብልዩ ኢ የሚባለው ድርጅት ግን ታጋዮቹን የሚያስፈርማቸው እንደ ቋሚ ሠራተኞች ሳይሆን፣ ራሳቸውን ችለው በውል እንደሚሠሩ ሰዎች ነው።

ደግሞስ ውጤቱን ማወቅ ደስታን ያጠፋልን? ተረቱን በቃሉ የሚያውቅ ሕፃን እኮ ነው አያቱን «ድገሚልኝ» የሚል። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ብትሹ፣ ጥር 4 ቀን 1999 የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ሮውንና ደብልዩ ሲ ደብልዩ የተባለው ተቀናቃኝ ድርጅት የሚያሳየውን ትርኢት ተመልካች በአንድ ሰዓት ያያቸው ስለ ነበር፣ ፉክክሩ ብርቱ ነበር። የዚያ ሰኞ ሮው በታኅሣሥ 29 ቀን በዉስተር ከተማ አስቀድሞ የተቀረጸ ነበር። ተቀናቃኙ ይህን ዐውቆ፣ ተመልካች እንዳይሄድበት ሲል ሚክ ፎሊ የሚባለው ታጋይ በሮው እንደሚያሸንፍ በራሱ ተንታኝ አፍ እያፌዘ አስነገረ። ፎሊ መልከ መልካም ያልሆነ፣ ሰውነቱ በውድቀት ብዛት የተጎሳቆለ፣ ሕዝብ ግን የሚወደው ሰው ነው። ተንታኙ ውጤቱን ከማውጣቱ፣ እጅግ ብዙ ሰው ጣቢያውን ለውጦ ወደ ሮው ሄደ። ለምን? ያ የወደቀ ሰው ሲነሣ ለማየት ነዋ! በዚያው ምሽት ተቀናቃኙ ባቀረበው ዋና ግጥሚያ፣ ሆጋን ኬቪን ናሽን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ናሽ ተዘርሮ ወደቀና ሻምፒዮናው ለሆጋን ሆነ። ሁለቱም ውጤቶች የተወሰኑ ነበሩ። ሕዝቡ አንዱን አከበረው፣ ሌላውን ግን ንቀት ነው አለ። ያ ድርጅት በመጋቢት 2001 ተሸጦ አከተመ፤ ለመውደቁ ሌላ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ ያ ምሽት ሳይጠቀስ አይቀርም።

አሁን ለተማሪዎች የሚሆን ታሪክ ላምጣ። ዳንኤል ብራያን የሚባል ታጋይ ነበር፤ በቁመቱም በግዝፈቱም ከባልደረቦቹ የሚያንስ፣ በጥበቡ ግን የሚበልጥ። በ2013 በተጻፈለት ታሪክ ውስጥ አለቆቹ «አንተ ቢ ፕላስ ነህ፤ ኤ ሆነህ አታውቅም» እያሉ ያንቋሽሹት ነበር። ነገሩ የትርኢት ቢሆንም፣ ሕዝቡ ግን ድርጅቱ እውነትም እንዲህ ያስባል ብሎ ጠረጠረ። በጥር 2014 በፒትስበርግ በተደረገው ታላቅ ግጥሚያ ብራያን ሳይገባ ሲቀር፣ ተመልካቹ ተቃውሞውን በጩኸት ገለጠ። ከዚያ ወዲያ በየከተማው ሕዝቡ ሁለት እጁን ወደ ላይ እየሰቀለ «አዎን! አዎን!» ማለቱን አላቆመም። ሌላ ታጋይ ድርጅቱን ጥሎ መሄዱም ተጨምሮ፣ አለቆቹ ያሰቡትን ለመለወጥ ተገደዱ። ሚያዝያ 6 ቀን 2014 በኒው ኦርሊየንስ ቢ ፕላሱ ሰውዬ በአንድ ምሽት ሁለት ግጥሚያ አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሰባ ሺህ ሰው ይሁን መቶ ሰው፣ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲናገር የተጻፈ ወረቀትም ይቀደዳል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን አላበቃም። ያ እጁን የሚሰቅል ሕዝብ ብራያንን የወደደው ራሱን ሳይቆጥብ ስለሚወረወር ነው። በወደደው ቁጥር ብራያን ይበልጥ ተወረወረ። ከድሉ በኋላ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን አንገቱ ታሞ በቀዶ ሕክምና ስለ ታከመ ቀበቶውን አስረከበ። የካቲት 8 ቀን 2016 በትውልድ ግዛቱ፣ በሲያትል ከተማ በተደረገው ሮው ላይ ወጥቶ፣ ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ በመመታቱ ሐኪሞች እንዳይታገል መከልከላቸውን፣ የሚጥል ሕመም ይዞት ደብቆ እንደ ነበረም ተናገረ። ዕድሜው 34 ዓመት ነበር። አመስጋኝ ነኝ እያለ ደጋገመ፤ አዳራሹም አለቀሰ። ያን ምሽት የተነገረው ቃል ከደራሲ ብዕር የመጣ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐኪሞች ፈቅደውለት ተመለሰ፤ የሁሉም ዕጣ ግን እንዲህ አይደለም። ኦወን ሃርት ግንቦት 23 ቀን 1999 በካንሳስ ሲቲ ለትርኢት ማድመቂያ ከአዳራሹ ጣራ ሲያወርዱት ወድቆ ሞቷል።

እንግዲህ፣ ወዳጆቼ፣ ለዚያ ዐዋቂ ነኝ ባይ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ነፃ ትግል ውጤቱ የተወሰነ፣ ሕመሙ እውነተኛ፣ ፍርዱ ደግሞ የተመልካች የሆነ ጨዋታ ነው። ድርሻው ያልተጻፈለት ሰው ቢኖር በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው ደግሞ ተጠያቂነትም አለበት። ጌታውን ሲያጠፋ መዝለፍ፣ የተናቀውን ማንሣት የእናንተ ነው። «ይበልጥ ከፍ ካለው ዝለል፣ ይበልጥ ክፉኛ ውደቅ» ብሎ መጮኽም በእናንተ እጅ ነው፤ ያን ስትጮኹ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከእናንተ ኪስ አይወጣም።

የጥር 6ቱን ትርኢት ስንመዝን፣ ወሬው ቢበዛም ትግሉ መልካም ነበርና ከመካከለኛ በላይ ነው እላለሁ። የማትወዱኝ ካልሆናችሁ በቀር ቢ ፕላስ ብሰጠው አትፈርዱብኝም። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ስታዩ፣ ዓይናችሁን ከጣዩ ላይ አንሥታችሁ ወደ ወዳቂው መልሱት፤ የጥበቡ ትልቅ ክፍል ያለው እሱ ዘንድ ነው። ታናናሽ ወንድሞቻችሁ በአልጋ ላይ ሊሞክሩት ሲነሡ ግን ቶሎ አስቁሟቸው፤ እነሱ አወዳደቅ አልተማሩምና።