«ሚስካልኩሌት» ያደረገው ማን ነው?



በትምህርት ክፍልም በስብሰባም «ሚስካልኩሌት አደረጉ» ሲባል እንሰማለን። የዚህን የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉም መመርመር የቋንቋ መምህራን ሥራ ብቻ ይመስል ይሆናል፤ በእኔ አስተያየት ግን የሁላችንም ሥራ ነው።

«ሚስ» በስሕተት ማለት ነው። «ካልኩሌት» ደግሞ ጠጠር ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የጥንት ሮማውያን በጠጠር ይቈጥሩ ነበርና። ግሡ ዛሬ ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንዱ ቁጥር መሳት ነው፤ ሁለተኛው የነገሩን አካሄድ አለልክ መገመት ነው።

ሁለቱንም በድሬዳዋ ታሪክ እናገኛለን። የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1902 ነው። አንድ ተማሪ ይህን ወደ እኛ ዘመን ሲመልስ 8 ቀንሶ 1894 ቢል ቁጥር ስቷል፤ በዚያ ወር ልዩነቱ 7 ስለ ሆነ መልሱ 1895 ዓ.ም. ነው። ይህ በላጲስ ይታረማል። ኩባንያው ግን አስቀድሞ ሐዲዱን ከጅቡቲ ሐረር ሊያስገባ ዐቅዶ ነበር፤ የተራራው ወጪ ቢከብደው ከግርጌው ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያ ተቈረቈረች። ጥቂት ዓመታት ቈይቶም ኩባንያው ከሠረ። ይህ የመደመርና የመቀነስ ጉድለት ሳይሆን የግምት ስሕተት ነው።

«ታዲያ ሁለቱንም ስሌቱ ተሳሳተ ብንል ምን ነውር አለው?» የሚል አይጠፋም። ነውሩ ይህ ነው፤ እንዲህ ሲባል ስሌቱ በገዛ እጁ የተሳሳተ ይመስላል፤ ገማቹ ይሰወራል፤ የተጐዳውም ይረሳል።

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። የመልካ ጀብዱ ስም ራሱ ይህን ያስታውሰናል። ወንዝ ተሻጋሪ ውሃውን በዐይኑ ይለካል፤ ቢስት የሚወሰደው ራሱ ነው። በከተማ ግን እንዲህ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ የድሬዳዋ ሰዎችን ገደለ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ወንዝ ዳር ቤት ሲሠራ ገማቹ ብዙ ነው፤ ጐርፍ የሚወስደው ግን በዳሩ ያደረውን ነው።

ዛሬ በመልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ቆሟል። ነገ ከእኛ መካከል የፋብሪካውን ውሃ፣ የጐርፉን መውረጃና የሠራተኛውን መኖሪያ የሚያሰላ ይወጣል። እንግዲህ ቁጥር ሲሳት «ቈጠራው ተሳተ» እንበል። ግምት ሲሳት ግን ማን፣ ምኑን አለልክ እንደ ገመተና ዕዳው በማን ላይ እንደ ወደቀ እንናገር። መምህራንም ይህ ግሥ በጽሑፋችን ብቻውን ቆሞ ሲያገኙት፣ ከጎኑ በቀይ ቀለም «ማን? ምኑን? በማን ላይ?» ብለው ይጻፉልን።