ብቻችንን የምንስቀው ሳቅ

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ይህ ቃል ስለ እንጀራ የተነገረ ቢሆንም ለሳቅም ያገለግላል። ከሳቅ የበለጠ ተካፋይ የሚሻ ነገር የለምና።

ይህን ያስተዋልሁት ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደብረ ወርቅ፣ ለበዓል ቤተ ሰብ ልጠይቅ በሄድሁበት ጊዜ ነው። ከራት በኋላ «ዘ ሌዲኪለርስ» የተባለውን የእንግሊዞች አስቂኝ ፊልም በላፕቶፕ ከፈትሁ። ፊልሙን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ያዘጋጀው አሌክሳንደር ማኬንድሪክ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው፤ የአምስት ወንበዴዎች አለቃ ለንደን ውስጥ በባቡር ሐዲድ አጠገብ ከምትኖር አንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ይከራያል። ወንበዴዎቹ ሙዚቀኞች ነን ብለው፣ በሸክላ የተቀረጸ ዜማ እያሰሙ፣ በሩን ዘግተው ስለ ዝርፊያ ይመክራሉ። ባልቴቲቱ ሻይ ትጠጡ እንደ ሆነ ብላ በሩን ባንኳኳች ቁጥር መሣሪያቸውን ያነሣሉ።

እኔ እስቃለሁ፤ የቤቱ ሰው ግን ዝም ብሎ ያየኛል። በመጨረሻ አያቴ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን አግኝተህ ነው ብቻህን የምትስቀው? ለኛም ንገረን እንጂ!» አሉኝ። አፈርሁ። ፊልሙንም ከመጀመሪያው መልሼ እየተረጐምሁ አሳየኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ተማሪው እኔ ሆንሁ። ሊጠይቀን የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ፣ «ሰሙ ዜማ፣ ወርቁ ዝርፊያ» ብሎ የፊልሙን ምስጢር ባንድ ቃል ጨረሰው። ባልቴቲቱ ምስጢራቸውን ከደረሰችበት በኋላ ወንበዴዎቹ ከእንግዶቿ ጋራ ተቀምጠው ሻይ ለመጠጣት ሲገደዱ፣ ከሁሉ ይልቅ የሳቁት አያቴ ናቸው። የቤት እመቤት ግብዣ እንዴት እንደሚያስር ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ባልቴቲቱን ሆና የተጫወተችው ኬቲ ጆንሰን በ1878 የተወለደች መሆኗንና በዚህ ሥራዋ የብሪታንያ ፊልም አካዳሚን ሽልማት ማግኘቷን ስነግራቸው ደግሞ ደስታቸው ዕጥፍ ሆነ።

አንዳንዶቻችን «ይህ ለባላገር አይገባም» እንላለን። ስሕተት ነው። የእንግሊዞች ቀልድ በትሕትና ቃል ውስጥ ክፉ አሳብ ሸሽጎ የሚያስቅ ስለ ሆነ፣ ቅኔ ለሚያውቅ አገር ባዕድ አይደለም። የጎደለው አስተርጓሚ ነው። እርግጥ በቃላት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሲተረጐም ይሞታል፤ ነገሩን ያለ መጠን የሚያብራራም ሳቁን ይገድላል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ መንገር፣ ከዚያም ዝም ማለት ይበቃል።

ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ፣ ቋንቋውን የተማርነው ወላጆቻችን አርሰው፣ ሸጠው፣ ተቸግረው ነው። በጆሯችን ማዳመጫ ሰክተን በአጠገባቸው ብቻችንን ስንስቅ፣ በገንዘባቸው የተሠራውን በር በፊታቸው መዝጋታችን ነው። በዓል በደረሰ ጊዜ ስጦታ ይዘን እንገባለን፤ እግረ መንገዳችንን አንድ ሳቅ ተርጉመን ብንገባ ምን ይከብደናል?